ጨፌው ሲታረስ ንቡ ምን ይቀስማል?

በጅማ ቦሳ ኪቶ ዙሪያ ያለው ረግረግ በእርሻ፣ በጡብ ሥራና በባህር ዛፍ ሲገፋ ቆይቷል። ጨፌው ሲታረስ ንብ የሚቀስማቸው የናና ወገን የዱር ተክሎችም አብረው ይጠፋሉ።

የቡና አበባ ዝናብ ካገኘ በኋላ ይፈካል፤ በጥቂት ቀናትም ይረግፋል። ቡናው ራሱን ማዳቀል ቢችልም ንብ ሲጎበኘው የሚይዘው ፍሬ ይጨምራል። ንቡ ግን በቀሪዎቹ ወራትም መብላት አለበት።

ናናን ማባዛት አይከብድም። ሥር ያለው ቁራጭ በክረምት መግቢያ እርጥብ ዳርቻ ላይ ከተተከለ ራሱ ይስፋፋል (ከአትክልት መደብ ግን ይራቅ)። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ወደዚያ መረጨት የለበትም።

አርሶ አደሩ የውሃውን ጠርዝ ትቶ እንዲያርስ ሲጠየቅ የሚያጣው የበቆሎ መስመር አለ። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዘመናዊ ቀፎ ሲያከፋፍሉ ዳርቻውን ለተወ አርሶ አደር ቅድሚያ ሊሰጡ ይገባል።