ትንሽ ዛፍ በረኃብ አይገኝም

በዝቅተኛ የሸክላ ሳሕን ላይ የበቀለ፣ ቁመቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ፣ ግንዱ ግን እንደ አሮጌ ዋርካ የጐለመሰ ዛፍ በሥዕል ያየ ሰው ሁሉ፣ ይህ ዛፍ እንዴት ሊያንስ ቻለ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙዎችም ውሃና ምግብ ስለ ከለከሉት ነው ይላሉ። ይህ አሳብ ከእውነት የራቀ ነው። ስለዚህ ፕሪቬት የሚባለውን ተክል ምሳሌ አድርገን፣ ትንሹ ዛፍ በመልካም አመጋገብና በጊዜው በሚደረግ መከርከም እንጂ በረኃብ እንዳይገኝ ልናስረዳ ወደድን።

ይህን ጥበብ ጃፓኖች ቦንሳይ ይሉታል፤ ትርጓሜውም በሳሕን የተተከለ ማለት ነው። የጥበቡ ምንጭ ግን ቻይና ናት። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1923 ዓመት በቶኪዮ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ፣ የዚህ ሞያ ባለቤቶች ሰፊ ቦታና ንጹሕ ውሃ ፈልገው ወደ ኦሚያ ሄዱ፤ በ1925ም እስከ ዛሬ ያለውን የቦንሳይ መንደር አቋቋሙ።

ፕሪቬት ከወይራ ወገን የሆነ ተክል ነው። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ አበባው ነጭና ጥቃቅን ነው፤ ጥቁሩ ፍሬው ግን መርዝ ስላለበት ሕፃናት እንዳይቀምሱት መጠበቅ ያስፈልጋል። እንግሊዞች ለቤታቸው አጥር ይተክሉታል፤ የከተማን ጢስ ስለሚችልም በለንደን እጅግ የተለመደ ሆኗል። እንግዲህ አሮጌ አጥር በሚነቀልበት ጊዜ ሌላው ሰው ለእሳት የሚጥለውን ጉቶ፣ የቦንሳይ ወዳጅ እንደ ትልቅ ሀብት ይቈጥረዋል።

ጉቶው የሚነቀለው የብርዱ ወራት አልፎ ቀንበጥ ሊወጣ ሲል ነው። ግንዱን በመጋዝ ዝቅ አድርጎ መቍረጥ፣ ወፍራሙን ሥር ማሳጠር፣ ቀጫጭኑን ሥር ግን በጥንቃቄ ማቈየት ይገባል። ከዚያ በኋላ ውሃ በማይተኛበት፣ በወንፊት ተነፍቶ ዱቄቱ በወጣለት ጠጠራማ አፈር፣ በሰፊ ሣጥን ውስጥ ይተከላል። ፕሪቬት ብርቱ ስለ ሆነ ቅጠል ከሌለው ከአሮጌው ግንድ እንኳ ቀንበጥ ያወጣል።

በመጀመሪያው ዓመት መቀስ አይነካውም። ውሃውንና ማዳበሪያውን ሳያጓድሉ በፀሐይ ላይ አኑሮ እንደ ልቡ እንዲያድግ መተው ነው። ሥሩን የሚያድሰው በቅጠሉ የሚሠራው ምግብ ነውና፣ ቅርጽ ለመስጠት ተጣድፎ ቅጠሉን የሚከረክም ሰው የተክሉን ጕልበት ያጠፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ከበቀሉት ቀንበጦች ለቅርንጫፍነት የሚሆኑት ተመርጠው የቀሩት ይወገዳሉ። የተመረጡት ገና ለጋ ሳሉ ሽቦ ተጠምጥሞባቸው ወደሚፈለገው አቅጣጫ ይጐበጣሉ፤ ከጠነከሩ በኋላ ግን ሲጐብጡ ይሰበራሉ። ሽቦውንም አዘውትሮ መመልከትና ልጡን ሳይበላ እየቈረጡ ማንሣት ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥትን የሚፈትን ነው። ቅርንጫፉ እስኪወፍር በነጻ ያድጋል፤ ከወፈረም በኋላ አጥሮ ይቈረጣል፤ ከተቈረጠበት አጠገብ የሚወጣው አዲስ ቀንበጥም ደግሞ እንዲሁ ይደረግበታል። እያንዳንዱ ክፍል ከቀደመው እየቀጠነ ስለሚሄድ ዛፉ የትልቅ ዛፍ መልክ ይይዛል። ውፍረትን የሚሰጠው ነጻነት ነው፤ መልክን የሚሰጠው መቈረጥ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ሥራው ከንቱ ነው። ቅርንጫፎቹ ከጐለመሱ በኋላ ግን ቀንበጡ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት ጥንድ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ዛፉ ወደ ሳሕኑ ይዛወራል። ሁለት ዓመት ያህል ሲያልፍም ሥሩ ተከርክሞ አፈሩ ይታደሳል። በሳሕኑ ያለው አፈር ጥቂት ስለ ሆነ በሙቀት ጊዜ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ስለዚህ የአንድ ቀን ቸልተኝነት የአሥር ዓመት ድካም ሊያጠፋ ይችላል።

እንዲህ ያለው ዛፍ ከተከላው ሰው ዕድሜ አልፎ ይኖራል። በዋሽንግተን በብሔራዊው የዕፀዋት ቦታ የሚጠበቅ አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ ከ1625 ጀምሮ የተኰተኰተ ነው። ይህ ጥድ በሂሮሺማ በያማኪ ቤተ ሰብ እጅ ሳለ በነሐሴ ወር 1945 ከአቶሚክ ቦምብ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ። ዛፉን እስከዚያ ያደረሰው ሳያቋርጥ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ጥበቃ ነው።

በአገራችን ፕሪቬት ያላገኘ ሰው ከዘመዱ ከወይራ ሊጀምር ይችላል፤ በደቡብ አፍሪቃ የበረሃው ወይራ ለዚህ ጥበብ ይውላልና። እድገቱ ከፕሪቬት የዘገየ ስለ ሆነ ግን የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ደናችን የሳሳ ስለ ሆነም ከጫካ መንቀል ሳይሆን ከችግኝ ማፍያ መግዛት ይገባል።

ስለዚህ በጐልማሳነቱ ይህን ሥራ የሚጀምር የቤት ጌታ ወይም እመቤት፣ ገና ከመጀመሪያው ዓመት አንድ ልጅ አጠገባቸው አቁመው አፈሩን በጣቱ እየነካ መድረቁን እንዲለይና ውሃ እንዲያጠጣ ያስተምሩት። ዛፉ ለልጅ በኑዛዜ ሊተላለፍ ይችላል፤ አጠባበቁ ግን በኑዛዜ አይተላለፍም።