ሪፍ የሚፈጭ ዓሣ ሳሎን ምን ይሠራል?

የባሕር ዓሣ የሚሸጡ ሱቆች አልፎ አልፎ የሚያመጡት አንድ የዓሣ ጫጩት አለ። ገላው ነጭ ነው፤ ጭንቅላቱን ከነዓይኑ ሰፊ ብርቱካናማ መቀነት ዞሮበታል፤ የጀርባ ክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም። ባለሁለት ቀለሙ በቀቀን ዓሣ ይባላል። ኋላ ወደ ሐበሻ ምድር የዘለቀው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1829 ከቀይ ባሕር ዓሦች መካከል ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱን ነው። ቤቱ ውስጥ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ይህን ጫጩት አይቶ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም። ሊገዛው ግን አይገባም እላለሁ።

የተለመደው ምክንያት “ያድግና ገንዳው ይጠበዋል” የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጫጩቱ ግማሽ ሜትር የሚደርስ ዓሣ ይሆናል። ክርክሩ በዚህ ከቆመ ግን ሰፊ ገንዳ ያሠራ ሰው ረታ ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የዓሣው ሥራ ነው። በቀቀን ዓሣ ሪፍ፣ ማለትም የኮራል ድንጋይ፣ እየፈጨ የሚኖር ፍጡር ነው፤ የቤት ሪፍ ደግሞ ጸንቶ የሚቆየው የሚፈጨው ሲጠፋ ነው። ሁለቱ በአንድ መስታወት ውስጥ አይኖሩም፤ ወይ ሪፉ ያልቃል፣ ወይ ዓሣው ይጠወልጋል።

አፉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጥርሶቹ ተጣብቀው ምንቃር ሆነዋል፤ የፊቶቹ ሲያልቁ ከኋላ የተደረደሩት ይተኳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በታተመ የኤክስሬይ ምርመራ አንድ ዝርያ 1,000 ያህል ጥርሶች በ15 ረድፍ ተደርድረው ተገኝተውበታል። ምንቃሩ ድንጋዩን ቦጭቆ ያነሳል፤ ጉሮሮው ውስጥ ያሉት ሌሎች ጥርሶች እንደ ወፍጮ ያደቅቁታል፤ ምግብ የሚሆነው ተወስዶ የተረፈው አሸዋ ሆኖ ይወጣል። ዓሣው እየዋኘ ከኋላው የሚበትነው ነጭ ጉም ይኸው ነው። የማልዲቭስ ደሴቶች የቆሙበት አሸዋ ብዙው በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

መጠኑስ? በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ በተደረገ ልኬት፣ ከወገኖቹ ትንሽ የሚባለው ክሎሩሩስ ሶርዲዱስ በዓመት 24 ኪሎ ግራም ያህል የሪፍ ድንጋይ ይፈጫል፤ ትልቁ ዘመዱ አንድ ቶን ያህል። ግንባሩ ላይ ጉብታ ያለው ግዙፉ በቀቀን ዓሣ ከ5 ቶን በላይ ይደርሳል። እንግዲህ የቤት ገንዳችን 50 ኪሎ ግራም “ሕያው ድንጋይ” (ረቂቅ ተሕዋስያን የሰፈሩበት የሪፍ ድንጋይ) ይዟል እንበል። ትንሹ ዓሣ እንኳ በባሕር ልማዱ ከበላ ሁለት ዓመት ብዙም ሳያልፍ ድንጋዩ አሸዋ ሆኖ ያልቃል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። አብዛኞቹ በቀቀን ዓሦች ሕያው ኮራል ለመብላት አይሄዱም፤ የሚፈልጉት በሞተው ድንጋይ ላይና ውስጥ የሚኖሩትን አልጌና ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። “ታዲያ ገንዳዬን ያጸዳልኝ የለ?” የሚል ሰው ያለ ምክንያት አልተናገረም። ነገር ግን በቤት ገንዳ ውስጥ ኮራሉ የተተከለው በዚያው ድንጋይ ላይ ነው፤ መሠረቱ ሲቦጨቅ ላዩ ይወድቃል። ደግሞም ይህ ምግብ ድሃ ምግብ ነው፤ ዓሣው ጨጓራ የለውም፤ ስለዚህ ከንጋት እስከ ምሽት መንከስ አለበት። ጠዋትና ማታ የሚጣልለት በበረዶ የቆየ ሽሪምፕ ይህን አይተካለትም። ሆዱ ሰርጉዶ፣ ጀርባው ስሎ፣ አንድ ጥግ ላይ ሲዞር የሚታየው በቀቀን ዓሣ ታሞ ላይሆን ይችላል፤ ተርቦ ነው። አልጌ ለማጽዳት ቀንድ አውጣዎችና የባሕር ጃርት በቂ ናቸው።

ይህ ዓሣ ከባሕር ሲጎድልስ ምን ይሆናል? ካሪቢያን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 ጥቁሮቹ የባሕር ጃርቶች በበሽታ ሲያልቁ አልጌውን የሚግጡ ዋነኞቹ የቀሩት በቀቀን ዓሦች ነበሩ፤ እነሱም በብዙ ቦታ በመረብና በወጥመድ ተመናምነው ነበርና አልጌው ሪፉን ወረሰው። ቤሊዝ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቦኔር በ2010 እነዚህን ዓሦች ማጥመድ የከለከሉት ለዚህ ነው። ለገንዳ የሚሸጠው ጫጩት ለምግብ ከሚጠመደው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት መሆኑን አልክድም። ቢሆንም ባሕር ውስጥ ለዓመታት ሊሠራ የሚችልን ፍጡር ሥራ ወደሌለበት ማምጣት በምንም አይካካስም።

እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ኤይላት ብትወርዱ ዓሣውን ለማየት የተሻለ መንገድ ታገኛላችሁ። ከባሕሩ በታች በተሠራው መመልከቻ ሰው በደረጃ ወርዶ በመስታወት ክፍል ውስጥ ይቆማል፤ ዓሦቹ በውጭ፣ በገዛ ሪፋቸው እንደልባቸው ይመላለሳሉ። ምጽዋንና ዳህላክን የሚነካው ቀይ ባሕር ይኸው ነው።

ሻጮችም ድርሻ አላቸው። ከጫጩቱ ዋጋ ጎን አዋቂው ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ምን እንደሚበላ ይጻፍ። ገዢው ሲጠይቅም “ሲያድግ መልሰህ ታመጣዋለህ” አይባል፤ ግማሽ ሜትር የሆነ በቀቀን ዓሣ የሚቀበል ሱቅ በቀላሉ አይገኝም።