ኮምፒዩተሩ የማንን አገር ያሰላል?

ጓደኞቼ፤ የኤሌክትሪክ ኀይል ፍሰት በኮምፒዩተር ስናሰላ የተሰጠን ምሳሌ 14 መገናኛዎች ያሉት መረብ ነው። በደስታ ቁጥሩን ሳስገባ ሰነበትሁ። ኋላ ምንጩን ብፈልግ፣ ለካ እ.ኤ.አ. በ1962 በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ የነበረ መረብ ቁራጭ ኖሯል! ያንኑ እያሰላሁ ሳለ የኛው መብራት ጠፋ።

ዘዴውን ለመልመድ ይበጃል፤ አልክድም። ነገር ግን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ያ ኀይል በ500 ኪሎቮልት መስመር እስከ ሆለታ ሲጓዝ ስንቱ በመንገድ ይቀራል? የትኛው ማከፋፈያ ጣቢያ ሲጨናነቅ ሰፈራችን ይጨልማል? ይህን የጠየቀን ፈተና የለም።

መምህራን ሆይ፣ የአገራችንን መስመሮች ቁጥር አስፈቅዳችሁ አምጡልን። ምስጢር ነው ከተባለ፣ የአንዲት ወረዳ እንኳ ይበቃናል፤ ምሰሶውን እኛው እየዞርን እንቆጥራለን።