ጥያቄ ወይስ አቤቱታ?

ከካናል ዊንቸስተር፥ ኦሃዮ

አንድ የሕዝብ እንደራሴ በምክር ቤት ተነሥቶ «በዚህ ረገድ መንግሥት ምን እየሠራ እንደሆነ ማብራሪያ ቢሰጥበት» ብሎ ሲቀመጥ፥ ያቀረበው ጥያቄ ነው ወይስ አቤቱታ? ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል። ጥያቄ ማለት ተጠያቂው ሳይመልስ ሊያልፈው የማይችለው፥ በሐሰት ቢመልስ የሚቀጣበት፥ መመለስ ቢያቅተው ከሥልጣኑ የሚወርድበት ነገር ነው። አቤቱታ ግን ደጅ ጠኚ ለጌታው የሚያቀርበው ነው፤ ጌታው ደስ ካለው ይሰማዋል፥ ካልደላውም ያሰናብተዋል። አገራችን ምክር ቤት የሚባል ነገር ካየች ዘጠና ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ለሚኒስትሮች የቀረበው አብዛኛው ነገር በጥያቄ ስም የተነበበ አቤቱታ ነው እንላለን። ይህ ለምን እንደ ሆነና መድኃኒቱ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲፈረም፥ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎችን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ፥ የሕግ መምሪያውን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ ገና አልደረሰም ተባለ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ግን ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባሎች እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ ሚኒስትሮችም ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሲጠራቸው ቀርበው፥ ሊወጣ ስለ ታሰበው ሕግ ለሚጠየቁት በቃል ወይም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ ታዘዘ። በወረቀት ላይ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበሩ፥ የሚኒስትሩ ፊት ወደ ምክር ቤቱ፥ ልቡ ግን ወደ ቤተ መንግሥቱ ነበር። መልስ የሚሰጠው ለሚጠይቀው ሳይሆን ለሚሾመው ነበር።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ምክር ቤቱ ደጅ ሲወጡ፥ በውስጥ የተያዘው ክርክር የጭሰኛው ጉዳይ ነበር። ጭሰኛው ለባለመሬቱ ምን ያህል ይክፈል፥ ከመሬቱስ በምን ምክንያት ይነቀል የሚለው ረቂቅ ሕግ ከዓመት ወደ ዓመት ሲንከባለል፥ ምክር ቤቱ ሳያጸድቀው 1966 ዓ.ም. ደረሰና የዘመኑን ሥርዓት ከነምክር ቤቱ አብዮት ጠረገው። በአዳራሹ የተቀመጡት አብዛኞቹ ባለመሬቶች ስለ ነበሩ፥ ባለመሬት ስለ ጭሰኛ ሚኒስትሩን ሊያፋጥጥ ከቶ አልቻለም። ደርግም በፋንታው በ1979 ዓ.ም. 835 አባሎች ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ አቆመ። በአንድ ፓርቲ የታጨ ሸንጎ ግን ፓርቲውን ሊጠይቅ አልተፈጠረም፤ አራት ዓመት ሳይሞላው እርሱም ከደርግ ጋር አለፈ።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከእነዚህ ሁሉ በቃል ይበልጣል። አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን የፌዴራል ባለሥልጣኖች ጠርቶ እንዲጠይቅ፥ አሠራራቸውንም እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ከአባሎቹ አንድ ሦስተኛው ቢጠይቁ፥ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ተወያይቶ እርምጃ ሊወስድ ይችላል። አንቀጽ 54 ደግሞ እንደራሴው ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው ይላል። እንግዲህ ሕግ አጥተን አይደለም የተቸገርነው።

የተቸገርነው ጠያቂውና ተጠያቂው ከአንድ ቤት ስለሚወጡ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች ሁለቱን ብቻ ለሌላ አስቀሩ፤ በ2007 ዓ.ም. እነዚያንም ጨምረው ወሰዱ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ መጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410 የብልፅግና ፓርቲ ሆኑ። ለእንደራሴነት የሚያጨው ፓርቲ ነው፤ የፓርቲው መሪም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። በፓርቲው ግምገማ የሚመዘን እንደራሴ፥ የሚመዝኑትን ሰው በምክር ቤት ሊመዝን እንዴት ይቻለዋል? ለኅሊናው ይገዛ የተባለው ሰው እንጀራው በሌላ እጅ ነው።

የጥያቄውን አቀራረብ እንመልከት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚቀርቡበት ቀን እንደራሴዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ከወረቀት ያነባሉ፤ ስለ ኑሮ ውድነት፥ ስለ ጸጥታ፥ ስለ መንገድ፥ ስለ ውጭ ምንዛሪ የቀረበው ሁሉ በአንድ ጆንያ ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሰዓታት ይናገራሉ። የፈለጉትን ያስፋፋሉ፥ ያልፈለጉትን ዘልለው ያልፋሉ፤ ምሳሌ ያመጣሉ፥ ይቀልዳሉ፥ ይመክራሉ፥ አንዳንዴም ይቆጣሉ። «ክቡርነትዎ፥ እኔ የጠየቅሁት ይህን አይደለም» ብሎ በዚያው ደግሞ የሚይዛቸው አይገኝም። በመጨረሻ ይጨበጨባል። ጥያቄ የሚባለው የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውንማ ማንም ይጠይቃል። ሁለተኛውን የማይፈቅድ ጉባኤ የሚያዳምጥ እንጂ የሚጠይቅ ጉባኤ አይደለም።

ከዚህ የከፋም አለ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በየካ ኮረብታ ላይ ስለሚሠራው የጫካ ፕሮጀክትና ስለ ቤተ መንግሥቱ ወጪ በምክር ቤቱ በተነሣ ጊዜ፥ የተሰጠው መልስ በመሠረቱ ለዚህ ሥራ ከምክር ቤቱ በጀት አልጠየቅንም የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን መልስ በጥሞና ተመልከተው። የመንግሥት መሪ በመንግሥት ሥልጣን ተጠቅሞ ገንዘብ ይሰበስባል፥ በሕዝብ መሬት ላይ ያሠራል፥ ነገር ግን ገንዘቡ በእናንተ በኩል አላለፈምና አያገባችሁም ይላል። በዓለም ሁሉ ምክር ቤቶች ጉልበት ያገኙት በከረጢቱ ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ለምክር ቤት አንገቱን የደፋው ያለ ፈቃዱ ግብር መሰብሰብ ስለ ተከለከለ ነበር። ከበጀት ውጭ የሆነ ሁለተኛ ከረጢት የያዘ መንግሥት ግን የሚጠይቀውን ጉባኤ አይፈራም። ይህ ከታለፈ፥ ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ የሚያቀርበው ያልተወራረደ ሂሳብ የሚያስደንቀን ለምንድር ነው?

ጥቂት የተቃዋሚ እንደራሴዎችስ ነበሩ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎን ነበሩ። ታሪካቸውን እንከተል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲሱ መንግሥት ሲቆም፥ የኢዜማው መሪ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት፥ የአብኑ መሪ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፥ የኦነጉ አቶ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የሥልጣን መጋራት ተባለ። ሥልጣን መጋራቱን አንጠላም፤ ነገር ግን ሊጠይቅ የተቋቋመው ፓርቲ መሪ መላሽ ሆኖ ሲቀመጥ፥ ጠያቂው ማን ሊሆን ነው? የአብኑ እንደራሴ አቶ ክርስቲያን ታደለ ደግሞ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ሂሳብ የሚመረምረው ወንበር ይህ ነው። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ብዙም ሳይቆይ እኚህ እንደራሴ፥ ምክር ቤቱ አስቀድሞ ያለመከሰስ መብታቸውን ሳያነሣ ተያዙ። ሕገ መንግሥቱ ግን እንደራሴ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። በሐሳባቸው መስማማትና አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ የምንለው፥ የአንዱ ጠያቂ ወንበር ተሾሞ የአንዱም ታስሮ ባዶ በሆነበት አዳራሽ የቀሩት ምን እንደሚማሩ ግልጽ ነው።

እንግዲህ መጠየቅ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር ነውን? የሚያሳዝነው ይህ ነው። አባቶቻችን በዋርካ ጥላ ሥር «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፥ «በላ ልበልሃ» ያለው ሰው ባላጋራውን ሳያስመልስ አይለቅም ነበር። ተጠያቂው ነገር ቢያድበሰብስ ዳኛው ይመልሰዋል፤ ዋስ ይጠራል፥ ውርርድ ይገባል፥ በዙሪያው የቆመው መንገደኛ ሁሉ ይሰማል፥ ይመሰክራልም። ማንበብ የማያውቅ ገበሬ ስለ አንዲት ጥማድ መሬት ያገኘውን የመጠየቅ መብት፥ ዲግሪ የተሸከመ እንደራሴ ስለ አገሩ ሀብት አላገኘም። ከምዕራብ አገር ሕግ ከመቅዳታችን በፊት ከዋርካው ሥር መማር ነበረብን።

አገር በችግር ላይ ሳለች ሚኒስትርን ማፋጠጥ መንግሥትን ማድከም ነው የሚሉ አሉ። እኛ ደግሞ የማይጠየቅ መንግሥት ነው ድካሙን የማያውቀው እንላለን። በ2015 ዓ.ም. የዘር ወቅት በአማራ ክልል ማዳበሪያ ያጣው ገበሬ በባሕር ዳር ሰልፍ እስከ መውጣት ደረሰ። ማዳበሪያ የሚገዛው ከወራት በፊት ነው፤ ጨረታው መቼ ወጣ፥ የውጭ ምንዛሪው መቼ ተፈቀደ፥ መርከቡ መቼ ጅቡቲ ደረሰ የሚሉት ጥያቄዎች በጥቅምትና በኅዳር ተጠይቀው በቀን የተወሰነ መልስ ቢገኝባቸው ኖሮ፥ ገበሬው በሰኔ ማሳውን ትቶ አደባባይ ባልወጣ ነበር። በጊዜው ያልተጠየቀ ጥያቄ በመንገድ ላይ ይጠየቃል፤ በመንገድ ላይም ሲታፈን ወደ ጫካ ይገባል። ይህን ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ጊዜ አየነው?

ይህን የምንጽፈው ከኮሎምበስ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ካለችው ከትንሿ ካናል ዊንቸስተር ነው። ሰባት አባሎች ያሉት የከተማዋ ምክር ቤት ስብሰባው በኦሃዮ ሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የመንግሥት ሰነድ የሚሻ ሰውም ስሙንም ምክንያቱንም እንዲናገር አይገደድም። ይህን የምንጠቅሰው አሜሪካን ለማወደስ አይደለም። በዚችው ኦሃዮ የሕግ መምሪያው አፈ ጉባኤ የነበረው ላሪ ሃውስሆልደር፥ ሁለት የኒውክሌር የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችን በሕዝብ ገንዘብ ለሚደጉም ሕግ ሲል ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ የጉቦ ሤራ ተከስሶ፥ በ2015 ዓ.ም. የ20 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በቱጃሮች አገር ጥያቄ በገንዘብ ይገዛል፤ በእኛ አገር በሹመትና በእስራት ይዘጋል። ልዩነቱ፥ የዚህ ወንጀል ሰነድ ተገኘ፥ አፈ ጉባኤውም ተጠየቀ። እኛ የምንሻው የእነርሱን ጌቶች ሳይሆን የተከፈተውን መዝገብ ነው።

መድኃኒቱ ከየት ይመጣል? የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ወንበሩ ሁሉ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ተይዞ ሳለ፥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ ሲቀርብ 88 እንደራሴዎች ተቃወሙ፥ 7 ድምፅ አልሰጡም። መጀመሪያ 346 ደገፉ ተብሎ፥ ይህ ከሁለት ሦስተኛ እንደሚያንስ ሲታወቅ ቁጥሩ 395 ነው ተብሎ ታረመ። እነዚያ 88 ሰዎች ከትናንት ወዲያ እጃቸውን ያለ ማንገራገር ሲያወጡ የነበሩት ናቸው። በድንገት ጀግና ያደረጋቸው የምክር ቤቱ ደንብ አልነበረም፤ በየአውራጃው መንገድ ላይ የወጣው ሕዝብ ነው። እንደራሴ የሚጠይቀው ከኋላው ያለው ሕዝብ በሚጠይቀው ልክ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፥ ጠያቂው መልሱ ካላረካው በዚያው ጉባኤ ደግሞ የመጠየቅ መብቱ በደንብ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ታትሞ ለሕዝብ ይውጣ፤ ሚኒስትሩ የገባው ቃል ቀን ይቆረጥለት፥ በቀኑም ተመልሶ ይቅረብበት። ሦስተኛ፥ በመንግሥት ስም የተሰበሰበ ማናቸውም ገንዘብ፥ ከግብርም ይሁን ከስጦታ፥ በምክር ቤቱና በዋናው ኦዲተር ፊት ይለፍ። አራተኛ፥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢታወጅም እንኳ እንደራሴ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይታሰር።

በውጭ ያለነውም ከወቀሳው አንወጣም። የሚኒስትሩን ቀልድ በስልክ እየተቀባበልን፥ አንዱ ሲያጨበጭብ ሌላው ሲሳደብ፥ ምን ተጠየቀ፥ ምን ሳይመለስ ቀረ ብሎ የመዘገበ ጥቂት ነው። የተማረው ሰው ፋንታ ይህን መዝግቦ፥ በየቋንቋው ተርጉሞ፥ ለመራጩ ማድረስ ነው። በአገር ቤት ያለው ወገናችንም በዕድሩ፥ በማኅበሩ፥ በቀበሌው ስብሰባ እንደራሴውን «ምን ጠየቅህልን? ምን ተመለሰልህ?» ብሎ ይያዘው። ሕገ መንግሥቱ መራጩ አመኔታ ያጣበትን እንደራሴ ከወንበሩ የሚያወርድበትን መብት ሰጥቶታል። ሚኒስትሩ እንደራሴውን ባይፈራ፥ እንደራሴው ግን መራጩን ሊፈራ ይገባዋል፤ የፍርሃቱ አቅጣጫ የተለወጠ ዕለት አቤቱታው ጥያቄ ይሆናል።

ጠያቂ ሕዝብ ያሸንፋል!