«ስንተኛ ወጣህ?»

ሰኔ አልቆ ካርድ ሲሰጥ ልጁ ገና የግቢውን በር ሳያልፍ ጎረቤቱም፣ አክስቱም፣ ባለሱቁም «ስንተኛ ወጣህ?» ይሉታል። «ምን ቻልክ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ወዳጆቼ፣ በተለይ ትናንት ተማሪዎቼ የነበራችሁና ዛሬ ጠመኔ የያዛችሁ፣ አቋሜን ልናገር፦ ቢያንስ እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ ደረጃ ከካርድ ላይ ይነሳ።

ልጆቹ ስለሚከፋቸው ብቻ አይደለም (ይከፋቸዋል፣ እሱም ቀላል ነገር አይደለም)። ደረጃ ችግሩን ይደብቃል። ሁለት ልጆች አስቡ። አንዷ ሒሳብ 90፣ አማርኛ 40 አመጣች። ሌላው በሁለቱም 65። አማካያቸው 65 ነውና እኩል 30ኛ ይወጣሉ። የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ለየቅል ነው! እሷ ቤቷ የምትናገረው ሌላ ቋንቋ ይሆናል፤ ወይም «ለ»፣ «ሉ»፣ «ሊ» ገና አልተለዩላትም። እሱ ደግሞ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፤ ወደ ፊት ወንበር ማምጣት ሊበቃው ይችላል። «30ኛ» ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይነግረንም።

ቤንጃሚን ብሉም በ1968 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ሐሳብ ዛሬም ያሳምነኛል፦ ጊዜውና እርዳታው እንደየልጁ ከተስተካከለ አብዛኛው ተማሪ የተማረውን በደንብ ሊችል ይችላል። ደረጃ እኮ ተቃራኒውን ነው የሚያስበው። ክፍሉ በሙሉ አቀላጥፎ ቢያነብ እንኳ አንዱ የግድ 60ኛ ይወጣል።

«ውድድር ከሌለ አይጎብዙም» የምትሉኝ አላችሁ። ውድድሩ የሚያነቃው 2ኛ እና 3ኛ የሚወጡትን ነው። 47ኛዋ ማንን ልትቀድም ትሮጣለች?

«60 ልጅ ይዘን ለእያንዳንዱ ምን እንጻፍ?» የሚለው የመምህራን ጥያቄ ግን እውነት ነው። ብዙ አይደለም፣ አንድ መስመር። ድምር፣ አማካይና ደረጃ ስናወጣ እያመሸን አይደል? ያው ደረጃው እስኪነሳ ድረስም ካርዱ ላይ «የመምህሩ አስተያየት» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ «በርታ» ብሎ ማለፍ ለወላጅ ምንም አይፈይድም። «ባለ ሦስት ፊደል ቃል ያነባል፤ ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማል፤ በክረምት በየቀኑ 10 ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ» ቢባል ግን፣ እናትየው ራሷ ማንበብ ባትችል እንኳ ታላቅ እህቱን አስቀምጣ ታስነብበዋለች።