«ማን እኛን ይፈልገናል?» የሚለው የቢሮ መዘናጋት

ከኮቪድ ወዲህ ከቤት መሥራት የብዙ መሥሪያ ቤቶች ልማድ ሆኗል። ሠራተኛው ቤቱ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ወይም ማክ ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ክፍሉ የሚጠቀምበት ፒችትሪ ግን የዊንዶውስ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቢሮ ባለው ሰርቨር ላይ ዊንዶውስ የተጫነበት ቨርቹዋል ማሽን ይፈጠራል፣ ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ ስክሪኑን ይከፍታል። ሊኑክስ ላይ ሬሚና ይበቃል፤ ለማክም ማይክሮሶፍት ራሱ ያዘጋጀው መተግበሪያ አለ። ሌላ ላፕቶፕ መግዛት ቀረ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ እደግፋለሁ።

ጣጣው ያለው በመንገዱ ላይ ነው። «ቶሎ ይሥራልን» ሲባል ራውተሩ ላይ ፖርት 3389 ለመላው ዓለም ይከፈታል። ይህ የሪሞት ዴስክቶፕ መደበኛ በር መሆኑን ሌባውም ያውቃል።

«ማን እኛን ይፈልገናል?» የሚሉ አሉ። ማንም በስም አይፈልጋችሁም። ክፍት በር የሚያስሱት ፕሮግራሞች ናቸው፤ ባንክና የእህል ነጋዴ አይለዩም። የፖርቱን ቁጥር መቀየርም ቢሆን ፍለጋውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

የይለፍ ቃሌ ጠንካራ ነው ማለትም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተገለጠው ብሉኪፕ የተባለ ክፍተት የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ የሚያስገባ ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን በ2014 ላቋረጠለት ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ ያወጣው ለዚህ ነው።

«ቨርቹዋል ስለሆነ ቢበላሽ እንደገና እንጭነዋለን» የሚለው ክርክርም አያስኬድም። ማሽኑ ቨርቹዋል ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው የደመወዝ መዝገብና የደንበኞች ሒሳብ እውነተኛ ነው። ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ወደ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች መሸጋገሪያ ይሆናል። እዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ስናፕሾትም ሰርቨሩ ከተቆለፈ አብሮ ይቆለፋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በሩ ይዘጋ፤ ሠራተኛው መጀመሪያ በቪፒኤን ወይም በኤስኤስኤች ይግባ፣ ዴስክቶፑን ከዚያ በኋላ ይክፈት። ዋየርጋርድም ኦፕንኤስኤስኤችም በነፃ ይገኛሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያ ይሰጠው፤ ከሥራ የለቀቀ ሰው መለያ በዚያው ቀን ይዘጋ። የመረጃው ቅጂ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ።

ይህንን ለአይቲ ባለሙያው ብቻ መተው አግባብ አይመስለኝም። «ዛሬውኑ ክፈትልኝ» ብሎ የሚያዘው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ተጠያቂነቱም አብሮት ይሂድ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ነገ ቢሮ ስትገቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ 3389 ክፍት ነው ወይስ ዝግ?