ሥጋውስ የት ሄደ? ስለ ፖርቶ የምግብ ጉብኝት

«ምግብ ባህል ነው» የሚለው አባባል በየመድረኩ ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቷል። ምግብ ባህል ከሆነ እንደ ማንኛውም ባህል ታሪክ አለው፤ ያመረተው እጅ አለ፣ የበላው አፍ አለ፣ አምርቶ ሳይበላ የቀረም አለ። ይህን ሦስተኛውን ወገን ዘሎ ስለ ገበታ የሚናገር ሰው የሚናገረው ስለ ራሱ ሆድ ነው። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝም በፖርቱጋል ሁለተኛ ከተማ በፖርቶ የሚካሄደው የእግር የምግብ ጉብኝት በአንዳንድ የባህል ሰዎቻችን ዘንድ «ባህልን ማስተዋወቅ ማለት እንዲህ ነው» እየተባለ ሲወደስ መስማቴ ነው። ውዳሴው መመርመር አለበት።

የጉብኝቱ አካሄድ የታወቀ ነው። ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ እንግዶች በአንድ አስጎብኚ መሪነት ጧት ይሰባሰባሉ። ሦስት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ በጠባቦቹ መንገዶች እየተዘዋወሩ፣ በየደረሱበት ቤት አንድ ጉርሻ አንድ ጉንጭ ይቀምሳሉ። መነሻው ብዙውን ጊዜ በ1914 የተሠራውና ታድሶ በ2022 እንደገና የተከፈተው የቦልያው ገበያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወደ ሳው ቤንቱ ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ዶውሩ ወንዝ ዳርቻ ወደ ሪቤይራ ሰፈር፣ በመጨረሻም በ1886 የተመረቀውን የብረት ድልድይ ተሻግሮ የወይን ጠጅ መጋዘኖች ወደተደረደሩባት ወደ ጋያ ይኬዳል። ታሪካዊው የከተማው ማዕከል በ1996 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ውበቱን የሚክድ የለም።

እኔ ጸሐፌ ተውኔት ነኝና ጉዞውን እንደ ተውኔት ነው የምመዝነው። መድረኩ ከተማው ነው፤ አስጎብኚው ብቸኛው ተናጋሪ ነው፤ እንግዶቹ ተመልካቾች ናቸው፤ ከላይ በመስኮቷ ልብስ የምታሰጣው አሮጊት ደግሞ ቃል ያልተሰጣት አጃቢ ናት። ተውኔቱን ያበላሸው የአስጎብኚው ስንፍና አይደለም። አስጎብኚው ብዙውን ጊዜ የተማረ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ነው፤ በሚያስጎበኘው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ለመኖር አቅም የማይፈቅድለትም አለ። ጥፋቱ የድርሰቱ ነው። ድርሰቱ ከየምግቡ ጀርባ ያለውን ግጭት ቆርጦ ጥሎታል፤ ግጭት የወጣለት ተውኔት ደግሞ ማስታወቂያ ይሆናል።

ከጨጓራው እንነሣ። የፖርቶ ተወላጆች «ትሪፔይሩሽ»፣ ማለትም ጨጓራ በሎች ይባላሉ፤ በስሙም ይኮሩበታል። እንደሚተረከው በ1415 ንጉሥ ዡዋው 1ኛ ሴውታን ለመያዝ በተነሣ ጊዜ በፖርቶ መርከቦችን እንዲያዘጋጅ የታዘዘው በዚያችው ከተማ በ1394 የተወለደው ልጁ ልዑል ኤንሪኬ ነበር። ሕዝቡም ያለውን ሥጋ በጨው አሽቶ ለዘማቹ አስረከበ፤ ለራሱ ጨጓራና አንጀት አስቀረ፤ በዚያም ጣፋጭ ወጥ ሠራበት። አስጎብኚው ይህን ሲተርክ እንግዶቹ ይሥቃሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ።

ትረካው አፈ ታሪክ መሆኑን ልብ ይሏል። የዛሬው የፖርቶ ጨጓራ ወጥ የሚሠራው በነጭ ቦሎቄ ነው። ቦሎቄ ደግሞ የአሜሪካ ተክል ስለሆነ ኮሎምቦስ አትላንቲክን ከተሻገረበት ከ1492 በፊት በፖርቶ ድስት ውስጥ ሊገኝ አይችልም። (እኛም በርበሬን ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው አስመስለን ስንፎክር በርበሬም ከዚያው ከአሜሪካ የወጣ ተክል መሆኑን እንዘነጋለን።) ስለዚህ በ1415 የተበላው ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬ በሳህን የሚቀርበው አልነበረም። ይሁንና አፈ ታሪክም የሚሸከመው እውነት አለ፤ የሚያስቆጨውም ይህ እውነት በሣቅ መታለፉ ነው። ሴውታ የት ናት? ሴውታ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ የምትገኝ፣ በዚያን ጊዜ በሞሮኮ ሥር የነበረች የንግድ ከተማ ናት። ለአምስት መቶ ተኩል ዓመታት ያህል የዘለቀው የፖርቱጋል ወረራና ቅኝ ግዛት በአፍሪካ የተጀመረው ከእርሷ ነው። እንግዲህ ወጡ የሚናገረው ይህን ነው፦ ከላይ ያለው ሥጋውን ጭኖ የሌላውን አገር ሊወር ሲሄድ ከታች ያለው ጨጓራውን ታቅፎ ቀረ። ዱለት በሚበላ አገር ላደገ ሰው ጨጓራ እንደሚጣፍጥ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሥጋው የት እንደሄደ መንገር ነው።

የሄደበት ቦታ ደግሞ ከገበያው ብዙም ሳይርቅ በግድግዳ ላይ ተሥሏል። በ1916 የተመረቀው የሳው ቤንቱ ጣቢያ አዳራሽ ዦርዥ ኮላሱ በሣላቸው ሃያ ሺህ ያህል የሸክላ ንጣፎች የተሸፈነ ነው። ከትላልቆቹ ሥዕሎች በአንደኛው ልዑል ኤንሪኬ በሴውታ ድል አድርጎ ቆሞ ይታያል፤ እንግዶቹም ከሥሩ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ይኸው ልዑል በ1444 በደቡብ ፖርቱጋል በላጉሽ ከተማ በፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ታፍነው የመጡ 235 ሰዎች እንደ ከብት ሲከፋፈሉ ተመልክቷል፤ ከአምስት አንዱ እጅም ድርሻው ነበር። ይህን የጻፈው ጠላቱ ሳይሆን የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዙራራ ነው፤ እናቶች ከልጆቻቸው ሲነጠሉ የነበረውን ለቅሶም አልደበቀም። ከሴውታ እስከ ላጉሽ ያለው ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። ኮላሱ በዚያው አዳራሽ የወይን ለቀማንና የገጠር ሥራን ጭምር ሥሏል። ሠዓሊው ለሠራተኛው ግድግዳ ሲሰጠው ጉብኝቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነፍጎታል።

ቀጥሎ የሚቀርበው ከድንች ጋር ተድቦልቡሎ የተጠበሰው «ባካልያው» ነው፤ ይኸውም በጨው የደረቀ የኮድ ዓሣ ነው። ፖርቱጋሎች «ታማኝ ወዳጅ» ይሉታል። ታማኝ ወዳጁ ግን በፖርቱጋል ባሕር አይኖርም፤ ዛሬ አብዛኛው ከኖርዌይ ይገዛል። ከ1933 እስከ 1974 አገሪቱን የገዛው የሳላዛር አምባገነን ሥርዓት ርካሽ ምግብ ለማቅረብ ሲል በ1934 የዚህን ዓሣ ንግድ በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ ዓሣ አስጋሪዎችን በመርከብ ወደ ኒውፋውንድላንድና ወደ ግሪንላንድ ባሕር ይልክ ነበር። ሰዎቹ ከእናት መርከባቸው እየወረዱ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ታናሽ ጀልባ፣ በቅዝቃዜና በጭጋግ መካከል በእጅ ገመድ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ጭጋግ ውጧቸው የቀሩ ነበሩ። ለተከታታይ ዓመታት በዚህ ሥራ የተሰማራ ወጣት ከውትድርና ነፃ ይሆን ስለነበር፣ ከ1961 በኋላ በአንጎላ፣ በጊኒ ቢሳውና በሞዛምቢክ የቅኝ ግዛት ጦርነት ሲቀጣጠል ከአፍሪካው ጦር ሜዳ የሰሜኑን ጭጋግ የመረጡ ነበሩ። በአንዲት ድብልብል ውስጥ ይህን ያህል ድራማ ተጠቅልሎ ሳለ፣ አስጎብኚው የሚነግረን ባካልያው ለዓመቱ ቀናት ሁሉ የሚበቃ የአሠራር ዓይነት እንዳለው ብቻ ነው።

ወደ ወይን ጠጁ ስንሻገር ዝምታው ይበልጥ ይከፋል። በጋያ መጋዘኖች ላይ ቴይለር፣ ግራሃም፣ ኮክበርን፣ ሳንዴማን የሚሉ ስሞች ይነበባሉ። የፖርቱጋል መጠጥ የእንግሊዝ ስም ለምን ተሸከመ? በ1703 በተፈረመው የሜቱየን ውል ፖርቱጋል የእንግሊዝን የሱፍ ጨርቅ ለማስገባት ገበያዋን ከፈተች፤ እንግሊዝም በፖርቱጋል ወይን ጠጅ ላይ የምትጥለው ቀረጥ በፈረንሣይ ወይን ጠጅ ላይ ከምትጥለው በሲሶ እንዲያንስ ተስማማች። ለወይኑ በር ተከፈተ፤ የፖርቱጋል ሸማኔ ግን ገበያው ጠበበበት። በ1756 ፖምባል የሚባለው ኃይለኛ ሚኒስትር የዶውሩን ወይን አብቃይ ምድር ወሰን ከልሎ ንግዱን በአንድ ኩባንያ እጅ አስገባ። አስጎብኚው ይህን «በዓለም ላይ ጥራታቸው በሕግ ከተጠበቀ የወይን አካባቢዎች ቀደምቱ» ብሎ በኩራት ይናገራል፤ ልክ ነው። የማይናገረው ቀጥሎ የመጣውን ነው። በ1757 መጀመሪያ ኩባንያው የመሸታ ቤቶችን ወይን ጠጅ በብቸኝነት በመያዙ የፖርቶ ባለ መሸታ ቤቶችና ድሆች፣ ወንዱም ሴቱም፣ በዚያችው ከተማ አደባባይ ወጥተው አመፁ። መልሱ ጦር ሠራዊት፣ ልዩ ችሎትና ስቅላት ነበር። ብርጭቆ አንሥቶ «ለጤናችን» የሚል እንግዳ በዚህ መጠጥ ምክንያት በፖርቶ ሰው መሰቀሉን ሳያውቅ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ሌላም አለ። ወይኑ የሚበቅለው ከፖርቶ ሽቅብ ርቆ በሚገኘው ሸለቆ፣ ሺስት በሚባል ንብርብር ድንጋይ ላይ ነው። ገደሉን እየፈለጡ ከድንጋዩ የእርከን ግንብ የገነቡት በእጃቸው የሠሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከድንበር ማዶ ከጋሊሲያ የመጡ ችግረኞች ነበሩ። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ ወይኑን በፈጀ ጊዜ የተተዉ እርከኖች ዛሬም ይታያሉ፤ የአገሩ ሰው «ሙርቶርዩሽ» ይላቸዋል፤ ቃሉ ሞትን ያስታውሳል። በርሜል ጭነው በወንዙ ይወርዱ የነበሩት ጀልባዎችም በጋያ ዳርቻ የድርጅት ስም ተጽፎባቸው ለጌጥ ታስረዋል። የኮንሶን ገበሬ የእርከን ሥራ የሚያውቅ አንባቢ አንድ ግንብ በስንት ሰው ወገብ እንደሚቆም አይጠፋውም።

ሰርዲኑን በአጭሩ ልለፈው፦ በፖርቶ ጎን ባለችው በማቶዚኑሽ ወደብ ዓሣውን በእጃቸው አጽድተው በቆርቆሮ የሚደረድሩት ሴቶች ነበሩ፤ ጀልባ በገባ ጊዜ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በፋብሪካው ጩኸት ይጠሩ ነበር። ዛሬ ቆርቆሮው በቀለማት አጊጦ እንደ ስጦታ ዕቃ ይሸጣል። «ፍራንሴዚኛ»፣ ማለትም ትንሿ ፈረንሣዊት የሚባለው በሥጋና በአይብ የታጨቀ ባለ መረቅ ሳንድዊችም በቀልድ ይታለፋል። ይህን በ1950ዎቹ የፈጠረው ከስደት የተመለሰ ዳንኤል ዳቪድ ዳ ሲልቫ የተባለ የአገሩ ሰው ነው። በ1960ዎቹ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ፖርቱጋሎች ከድህነትና ከጦርነት ሸሽተው፣ ብዙዎቹም በድብቅ ድንበር እየጣሱ፣ ወደ ፈረንሣይ ጎርፈዋል። ዛሬ ልጆቹ በየበረሃውና በየባሕሩ ለሚሰደዱበት ሕዝብ የስደተኛ ምግብ ቀልድ ሊሆንበት አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን በመጨረሻ የሚቀርበው «የፖርቱጋል ቡና» ነው። የቡና አገር ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ በአህጉሩ በሚገኘው የፖርቱጋል ምድር የቡና እርሻ የለም። ቡናው ከአንጎላ ይመጣ ነበር። አንጎላ በቅኝ ግዛቱ መጨረሻ ዘመን ከዓለም ታላላቅ ቡና አምራቾች አንዷ ነበረች፤ በሰፋፊዎቹ እርሻዎች ላይም አፍሪካውያን በግዳጅ ይሠሩ ነበር። በ1961 በሰሜን አንጎላ የተቀሰቀሰው ደም ያፋሰሰ አመፅ የተነሣው በዚሁ በቡናው አካባቢ ነው። ስኒዋ ትንሽ ብትሆንም ይህን ሁሉ ይዛለች።

ጉብኝቱን የሚደግፉ ወገኖች የሚሉትን አውቃለሁ። «እንግዳው ሊዝናና መጥቷል፤ ከፍሏል፤ በየጉርሻው የሞተ ሰው ብትቆጥሩለት ምግቡ ይመረዋል» ይላሉ። ይህ የእንግዳውን አእምሮ መናቅ ነው። ሰው ሐዘን ያለበትን ተውኔት ገንዘብ ከፍሎ ያያል፤ አልቅሶም ደስ ብሎት ይወጣል። ጨጓራው ሥጋው የት እንደሄደ ስለተነገረ ጣዕሙን አያጣም። በሌላ በኩል ደግሞ «ጉብኝት የሚባል ይቅር» የሚሉ አክራሪዎች አሉ፤ ከእነርሱም ጋር አልስማማም። በእግር መሄድ፣ ከሕዝብ ማዕድ መቅመስ፣ ባለ እጁን ማነጋገር መልካም ነው። በአገራችንም ለእንግዶች የቡናና የምግብ ጉብኝት የሚያዘጋጁ አሉ፤ የባህል ባለሙያዎችና መምህራን ድርሰቱን እንዲያዩላቸው ሲጠየቁ መቃወም ያለባቸው ጉዞውን አይደለም። ጠጁን ሲያስቀምሱ ጌሾ ወቃጭዋን፣ ቡናውን ሲያፈሉ የለቃሚዋን የቀን ሒሳብ ካላነሡ ግን ድርሰቱ ወደ ደራሲው ይመለስ።

በመጨረሻም ስለ ሪቤይራ። ከወንዙ ዳርቻ ሽቅብ በተቆለለው በዚህ ሰፈር እንግዶቹ ጎመን በድንች የተሠራውን «ካልዱ ቬርድ» የሚባል ሾርባ በበቆሎ ዳቦ ይቀምሳሉ፤ የድሃ ራት ነው። የፖርቶ ሠርቶ አደር በ19ኛው ምዕተ ዓመት በቤቶች ጓሮ በተደረደሩ «ኢልያሽ»፣ ማለትም ደሴቶች በሚባሉ ጠባብ ክፍሎች ታጭቆ ይኖር ነበር። በእኛም አገር ዘውድ በወረደበት በ1974 የፖርቱጋል አምባገነን አገዛዝ ሲወድቅ እነዚህ ሰዎች ቤት ይገባናል ብለው ተነሡ፤ ሳል በተባለው ፕሮግራም አርክቴክቶች ከነዋሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ቤት ነደፉ። አልቫሩ ሲዛ የነደፈው የቦውሳ መንደር በዚያን ጊዜ ተጀመረ፤ ፕሮግራሙ በ1976 ስለተቋረጠ የተጠናቀቀው ግን በ2006 ነው። ከሪቤይራና ከአጠገቡ ካለው ከባሬዱ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች በዚያው በ1970ዎቹ አሌሹ ወደተባሉ አምስት ረጃጅም ሕንፃዎች ተወሰዱ፤ እነዚያን ሕንፃዎችም በ2011 ማፍረስ ተጀመረ፤ ዛሬ አንዱም አልቆመም። በ2012 የወጣው የኪራይ ሕግም የቆዩ ተከራዮችን ከለላ አሳሳው። አሁን ሾርባው ከሚቀመስባቸው ደረጃዎች በላይ ያሉት ክፍሎች ብዙዎቹ በአዳር ሒሳብ ለእንግዳ ይከራያሉ። አስጎብኚው ወደ ድልድዩ ከመሻገሩ በፊት እዚያው ቆሞ፣ ይህን ሾርባ በእነዚያ ክፍሎች ያበስሉ የነበሩት ሴቶች ወዴት እንደሄዱ ለመናገር አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።